የጄት ስኪ ማሻሻያ

የጄት ስኪ ማሻሻያ የአንድን ጄት ስኪ ጉልበት፣ ፍጥነት ወይም አያያዝ ለማሻሻል በሞተሩ፣ በፓምፑና በአካሉ ላይ የሚደረግ የመካኒክ ሥራ ነው። በውጭ አገር ሥራው በአብዛኛው ከውድድር ጋር ተያይዞ ይነሳል። ሐይቆቹ ከፍ ባለ ቦታ ላይ በሚገኙበት በኢትዮጵያ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ከፍታው የወሰደውን ጉልበት እንዴት ማካካስ ይቻላል?

ስሙና አሠራሩ

«ጄት ስኪ» የጃፓኑ ካዋሳኪ ኩባንያ የንግድ ስም ሲሆን፣ ኩባንያው በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ በአሜሪካዊው ክሌይተን ጃኮብሰን ሐሳብ ላይ ተመሥርቶ ለገበያ ባቀረበው ቆመው በሚነዱት መሣሪያ ታወቀ። ዛሬ በብዙ አገር የያማሃንና የሲዱን ምርቶችም ሰው በዚሁ ስም ይጠራቸዋል።

መሣሪያው እንደ ተራ የሞተር ጀልባ ከውጭ የሚሽከረከር ፕሮፔለር የለውም። ሞተሩ በአካሉ ውስጥ ያለ ኢምፔለር (ባለ ክንፍ ተሽከርካሪ) ያዞራል፤ ኢምፔለሩ ከሥር ባለው ፍርግርግ በኩል ውሃ ስቦ ከኋላ ባለው ጠባብ አፍ በኃይል ይተፋል። መሪው የሚያዞረውም ይህንኑ አፍ ነው። ስለዚህ ነጂው ደንግጦ ቤንዚኑን ሲለቅ መሣሪያው የመታጠፍ አቅሙን ያጣል። ይህ ጉልበት በተጨመረለት መሣሪያ ላይ ይበልጥ አደገኛ ይሆናል።

ከፍታና ሞተር

ሞተር ቤንዚን ለማቃጠል አየር ይፈልጋል፤ ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል። ጣና ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። የቢሾፍቱ ሐይቆች ከዚያ ጥቂት ከፍ ይላሉ፤ ላንጋኖ ደግሞ 1,600 ሜትር አካባቢ ነው። በጣና ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በአምስተኛ ያህል ስለሚያንስ፣ ፋብሪካው 100 የፈረስ ጉልበት አለው ያለው ሞተር እዚያ የሚሰጠው ወደ 80 ነው። ሱፐርቻርጀር የተገጠመለትም ከዚህ አያመልጥም፤ እሱም የሚጨምቀው ያንኑ ስስ አየር ነው።

ካርቡሬተር ባላቸው አሮጌ ሞተሮች ሌላ ችግር ይመጣል። ካርቡሬተሩ አየሩ እንደሳሳ ስለማያውቅ ቤንዚኑ ይበዛል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ሞተሩም ይንተፋተፋል። መፍትሔው ቤንዚን የሚያልፍበትን ቀዳዳ በአነስተኛው መተካት ነው። በኤሌክትሮኒክስ ነዳጅ የሚረጩ አዳዲስ ሞተሮች የአየሩን ግፊትና ሙቀት ለክተው ቅልቅሉን ራሳቸው ያስተካክላሉ። የጠፋውን ጉልበት ግን አይመልሱም።

አዲስ አበባ ውስጥ የሚደረግ ማስተካከያ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ይሻል። ለምሳሌ ልደታ ክፍለ ከተማ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ በዚያ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል። በዚያ ከፍታ በልክ የተቀናነሰ ካርቡሬተር ወደ ላንጋኖ ሲወርድ ቤንዚኑ በመጠኑ ያንሰዋል፤ ወደ ጅቡቲ ወይም ምጽዋ ባሕር ቢወሰድ ደግሞ እጅግ ያንሰዋል። ባለ ሁለት ምት ሞተር ቤንዚን ሲያንሰው ይግላል፤ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ በሚገባበት ሞተር ማለስለሻውም አብሮ ይቀንሳል። በሙሉ ፍጥነት ሲነዳ ፒስተኑ ሊቀልጥ ወይም ሊነክስ ይችላል። ስለዚህ የመጨረሻው ልክ የሚወሰነው መሣሪያው በሚነዳበት ሐይቅ ዳር፣ ካንዴላው ተፈትቶ ቀለሙ እየታየ ነው።

ጋራዥ ውስጥ በውሃ ጎማ እያቀዘቀዙ ማስነሳት ይቻላል። ነገር ግን ፓምፑ የሚገፋው ውሃ ስለሌለ ሞተሩ ያለ ሸክም ነው የሚሠራው፤ ከድምፁ ብዙ መረዳት አይቻልም። በሐይቁ ውሃ በሚቀዘቅዙ ሞተሮች ቅደም ተከተሉም አስፈላጊ ነው፦ መጀመሪያ ሞተሩ ይነሳል ከዚያ ውሃው ይከፈታል፤ ሲጠናቀቅ ውሃው ይዘጋል ከዚያ ሞተሩ ይጠፋል። ይህ ከተገለበጠ ውሃው በማርሚታው በኩል ወደ ሲሊንደሩ ሊገባ ይችላል።

ፓምፑ

ብዙ ጀማሪዎች ገንዘባቸውን የአየር ማጣሪያና ማርሚታ ላይ ያፈሳሉ። በከፍታ ላይ ግን በትንሽ ወጪ ብዙ ለውጥ የሚታየው ኢምፔለሩ ላይ ነው። ፓምፑ የሚፈልገው ጉልበት ከዙሩ ሦስተኛ እርከን ጋር ስለሚያድግ፣ በባሕር ላይ በደቂቃ 7,000 ዙር የሚያዞር ሞተር ጉልበቱ ወደ 80 በመቶ ሲወርድ 6,500 አካባቢ ላይ ይቆማል። ሞተሩ ከተሠራለት ዙር በታች ስለሚታገል ያለውንም ጉልበት አውጥቶ አይሰጥም። የክንፎቹ ዝንባሌ አነስ ያለ ኢምፔለር ሲገጠም ሸክሙ ቀሎ ዙሩ ይመለሳል፤ በተለይ የመነሻው ፍጥነት ይሻሻላል።

ሁለተኛው ጉዳይ ካቪቴሽን ነው። ኢምፔለሩ ውሃውን አጥብቆ ሲስብ በክንፎቹ ላይ ግፊቱ ወርዶ ውሃው ሳይሞቅ ይፈላና አረፋ ይሠራል፤ አረፋው ሲፈርስ ብረቱን ይቦረቡራል። ውሃውን ወደ ፓምፑ የሚገፋው የከባቢ አየር ግፊት በባሕር ወለል 10 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የውሃ ዓምድ ሊደግፍ ሲችል፣ በጣና ላይ ግን ከ8 ሜትር ብዙም አያልፍም። በባሕር ላይ በሰላም የሚሠራ ፓምፕ እዚህ ወደ አረፋ ሊገባ ይችላል።

በኢምፔለሩና በዙሪያው ባለው ቀለበት መካከል ያለው ክፍተት ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች መሆን አለበት። እንደ አባያና ላንጋኖ ባሉ ደለል የሞላባቸው ቡናማ ሐይቆች ላይ አሸዋው ይህን ቀለበት ይበላዋል፤ ውሃው በክፍተቱ ወደ ኋላ ስለሚያመልጥ ሞተሩ ሲጮህ መሣሪያው አይሄድም። ባለቤቱ ሞተሩ የደከመ ሲመስለው ያረጀው ብዙውን ጊዜ ቀለበቱ ነው።

የፍጥነት ወሰን

የውሃው ተቃውሞ ከፍጥነት ጋር በፍጥነት ስለሚያድግ፣ ፍጥነትን በ10 በመቶ ለመጨመር በግምት አንድ ሦስተኛ ተጨማሪ ጉልበት ያስፈልጋል። የሲሊንደሩን የመጨመቂያ መጠን ከፍ ማድረግ በስስ አየር ምክንያታዊ ማሻሻያ ነው፤ ያው መሣሪያ ወደ ባሕር ሲወርድ ግን ቤንዚኑ ያለ ጊዜው እየነደደ ሞተሩን ይመታዋል።

በጣና ላይ

እምቦጭ በጣና ላይ በ2011 እ.ኤ.አ. ከታየ ወዲህ በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻዎች ለሞተር ጀልባ መሰናክል ሆኗል። የአረሙ ሥር በፍርግርጉ ገብቶ በኢምፔለሩ ዘንግ ላይ ይጠመጠማል፤ በሐይቁ ውሃ የሚቀዘቅዘው ሞተርም ውሃ ተቋርጦበት ይግላል። ለውድድር የሚገጠም ሰፊ ፍርግርግ በዚህ ሐይቅ ላይ ጉዳቱ ያመዝናል። አረሙ በእጅ የሚወጣው ሞተሩ ጠፍቶ የደኅንነት ገመዱ ከተነቀለ በኋላ ብቻ ነው።

ሐይቁ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግቧል። ካርቡሬተር ያላቸው ባለ ሁለት ምት ሞተሮች ከሚገባቸው ቤንዚን ሩብ ያህሉን ሳያቃጥሉ ከዘይቱ ጋር ወደ ውሃው ሊለቁ ይችላሉ፤ ማርሚታውን መክፈት ደግሞ ጩኸት ይጨምራል። ከደንገል የሚሠራው ታንኳ ከውሃው ብዙም ከፍ ስለማይል፣ በአጠገቡ በሙሉ ፍጥነት የሚያልፍ ጄት ስኪ የሚያስነሳው ማዕበል ዓሣ አጥማጁን ከነመረቡ ሊገለብጠው ይችላል።