በሰከንድ 2.5 ሜትር፦ ሲክል ሴል ያለባቸው ልጆችና የአንድ ቁጥር ታሪክ

አንድ የ10 ዓመት ልጅ እናስብ። ሲክል ሴል አለበት፤ ዛሬ ግን ደህና ነው፤ ይሮጣል፣ ኳስ ይጫወታል። ልቡ በአልትራሳውንድ ሲታይ አንድ ቁጥር ወጣ፦ በሰከንድ 2.6 ሜትር። ታዲያ ይህ ልጅ የሳንባ ደም ስሮች ግፊት አለበት ማለት ነው? ለዚህ ጥያቄ ሐኪሞች እስካሁን አንድ ዓይነት መልስ የላቸውም። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)።

በ1910 የቺካጎው ሐኪም ጄምስ ሄሪክ ከግሬናዳ በመጣ የጥርስ ሕክምና ተማሪ ደም ውስጥ ማጭድ የሚመስሉ ቀይ ሴሎች መታየታቸውን ጽፈው አሳተሙ። በ1949 ላይነስ ፖሊንግና ባልደረቦቻቸው ችግሩ ያለው ሄሞግሎቢን በተባለው ሞለኪውል ላይ መሆኑን አሳዩ። ሕክምናው እየተሻሻለ ብዙ ልጆች ለአዋቂነት ሲበቁ ግን ሌላ ጣጣ ጎልቶ ወጣ። ሴሎቹ ሲፈነዱ የሚፈሰው ሄሞግሎቢን የደም ስሮችን የሚያፍታታውን ናይትሪክ ኦክሳይድ ይበላዋል። በዚህ የተነሳ የሳንባ ደም ስሮች እየጠበቡ የቀኝ ልብ ሊደክም ይችላል።

በ2004 በአሜሪካ 195 አዋቂ ሕሙማን በልብ አልትራሳውንድ ታዩ። በቀኝ ልብ ቫልቭ በኩል ወደ ኋላ የሚያፈተልከው ደም ፍጥነት ተለካ። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ፍጥነቱን በራሱ አባዝተን በ4 ስናበዛ የግፊት ልዩነቱ ይገኛል። 2.5 ሜትር በሰከንድ ማለት 25 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። ከሕሙማኑ 32 በመቶው ከዚህ መስመር ላይ ወይም ከዚያ በላይ ነበሩ፤ የመሞት ዕድላቸውም ከሌሎቹ 10 እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ዜናው አስደነገጠ። «እንግዲያውስ ልጆቹንም ቶሎ እንመርምር» የሚለው ሐሳብ የመጣው ከዚህ ነው።

ለሐሳቡ ጥሩ አርአያም ነበረው። በ1998 የወጣ ጥናት የልጆችን የአንጎል ደም ስር በአልትራሳውንድ እየለካ ፍጥነቱ በሰከንድ 2 ሜትር የደረሰባቸውን ለየ። በመደበኛነት ደም ከተሰጣቸው 63 ልጆች ስትሮክ ያገኘው አንዱን ብቻ ነው፤ ካልተሰጣቸው 67 ግን 11ዱን። ቁጥሩ አደጋውን ጠቆመ፣ መከላከያውም በእጅ ነበር።

የልቡ ቁጥር ግን እንዲህ አልሆነም። በ2011 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች 398 አዋቂዎችን መረመሩ፤ 27 በመቶው ከ2.5 መስመር ላይ ወይም በላይ ሆኑ። ከዚያ ቀጭን ቱቦ በደም ስር እስከ ቀኝ ልብ አስገብተው ግፊቱን በቀጥታ ለኩ። ይህን ዘዴ ጀርመናዊው ቨርነር ፎርስማን በ1929 በራሳቸው ላይ የሞከሩት ነው። በሽታው የተረጋገጠው ከጠቅላላው 6 በመቶው ላይ ብቻ ነበር። በቱቦ ከተለኩት አራት ሰዎች ሦስቱ በከንቱ ደንግጠዋል ማለት ነው። አንዱ ምክንያት ይኸው፦ የደም ማነስ ያለበት ልብ ብዙ ደም ይረጫል፤ ስለዚህ ስሩ ሳይጠብም ፍጥነቱ ከፍ ይላል። ልጆችም የደም ማነስ አለባቸው።

መድኃኒቱም አላዋጣም። ሲልደናፊል የተሞከረበት ጥናት በ2009 ከጊዜው በፊት ቆመ፤ መድኃኒቱን የወሰዱት በሕመም ምክንያት ሆስፒታል መግባታቸው በዝቶ ነበርና።

ከዚህ በኋላ ባለሙያዎቹ ተለያዩ። በ2015 የአሜሪካ የልብና የደረት ሕክምና ማኅበራት ልጆች እስከ 8 ዓመታቸው ድረስ በልብ አልትራሳውንድ ይታዩ አሉ። በ2019 የአሜሪካ የደም ሕክምና ማኅበር ደግሞ ምልክት የሌለውን ልጅ እንዲሁ በዘልማድ መመርመርን እንደማይደግፍ ገለጸ።

በአንድ ነገር ግን ይስማማሉ፦ ልጁ ትንፋሽ ካጠረው፣ እንደ ድሮው መሮጥ ካቃተው፣ ራሱን ከሳተ ወይም ኦክስጅኑ ከቀነሰ መመርመር አለበት። ምልክት ለሌለው ልጅ ግን ከምርመራው በፊት መነሳት ያለበት ጥያቄ «ቁጥሩ ስንት ይሆን?» አይደለም፤ «ቁጥሩ ከፍ ቢል ምን እናደርጋለን?» ነው። የአንጎሉ ምርመራ ለዚህ መልስ ነበረው። የልቡ ግን ገና እየተፈለገለት ነው።