የርቀት ዐውደ ርዕይ ምንድን ነው? እንዴትስ ይሰናዳል?

የርቀት ዐውደ ርዕይ የጥበብ ሥራዎች ከቦታቸው ሳይነሡ ፎቷቸውና ማብራሪያቸው ተመርጦና ተደራጅቶ በስልክ ወይም በኮምፒውተር ለተመልካች የሚቀርብበት መንገድ ነው። ይህን አሠራር በዓለም ዙሪያ ይበልጥ ያስፋፋው የኮሮና ወረርሽኝ ነው።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገኘ በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። መጋቢት 30 ቀንም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በዚያው ጊዜ በስፔን ባርሴሎና ሦስት የማስታወቂያ ባለሙያዎች ከቤታቸው ሆነው በኢንስታግራም «የኮቪድ የሥነ ጥበብ ሙዚየም» ከፈቱ፤ ከልዩ ልዩ አገሮች የተላኩላቸውን ሥራዎችም እየመረጡ አሳዩ። ዩኔስኮ በግንቦት 2012 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት በዓለም ካሉ ሙዚየሞች 90 በመቶ ያህሉ መዘጋታቸውን ገልጿል። በአፍሪካና በትንንሽ የደሴት አገሮች በኢንተርኔት ለተመልካች መድረስ የቻሉት ግን 5 በመቶዎቹ ብቻ ነበሩ።

አሠራሩ ለከላላ፣ ለቦረናና ለአጎራባች የደቡብ ወሎ ወረዳዎች ወጣቶች ዛሬም ይጠቅማል። የአካባቢው ጥበብ በአብዛኛው የሚገኘው በአዳራሽ ሳይሆን በየቤቱ፣ በየመስጊዱና በየቤተ ክርስቲያኑ ነው፤ መሶቡ፣ ሰፌዱ፣ ከበግ ጠጉር የተሠራው ባና፣ ጥልፉ፣ በእጅ የተጻፈው መጽሐፍ ሁሉ ከዚሁ ይቆጠራል።

ፎቶ ብቻውን ዐውደ ርዕይ አይሆንም። የዕቃው ስም፣ የተሠራበት ነገር፣ ልኬቱ፣ የሠሪው ስም፣ የተሠራበት ቦታና ዘመን አብረው መጻፍ አለባቸው። ፎቶው በቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ ማስመሪያ ከጎኑ ተቀምጦ ቢነሣ ይመረጣል። ኔትወርክ በሌለበት ቀበሌ ያለ ወጣት ፎቶዎቹን በስልኩ አኑሮ ለገበያ ወደ ከተማ በሄደ ጊዜ ለጓደኞቹ ሊልክ ይችላል።

የዚህ መዝገብ ጥቅም ከማሳየት ያልፋል። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት በደሴ ከተማ ከሚገኘው ሙዚየም ቅርሶች ተዘርፈዋል። የጠፋን ቅርስ «የእኛ ነው» ብሎ ለመጠየቅ ፎቶና ልኬት ጠቃሚ ማስረጃዎች ናቸው። አዋጅ ቁጥር 209/1992ም ቅርስ በይዞታው ያለ ሰው እንዲያስመዘግብ ያዛል።

ጥንቃቄም ያስፈልጋል። ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ፎቶ ማንሣት አይገባም። ጥንታዊ ቅርስ የተቀመጠበት ቦታና የጠባቂው ማንነትም ለሌባ መንገድ እንዳይጠቁም በዐውደ ርዕዩ ላይ ሊወጣ አይገባም፤ ሙሉው መረጃ ለባለቤቱና በወረዳው የቅርስ ጉዳይ ለሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ይሰጣል።