ግዴታው ሲያልቅ መብቱ አያልቅም፦ ከአንኮበር እስከ ቨርጂኒያ የተማሪ ዕድሜ ታሪክ

ከደብረ ብርሃን ወደ ባሕር ማዶ የሚሄድ ቤተሰብ ሻንጣ ሲያሰናዳ በርበሬና ሽሮ አይረሳም። በሶውም ድርቆሹም ቦታ ይፈለግለታል። ፓስፖርትና ቪዛ በእናት ቦርሳ ውስጥ ነጠላ ተጠቅልሎባቸው ይቀመጣሉ። ብዙ ጊዜ ቁም ሣጥን ውስጥ ተረስቶ የሚቀረው የልጁ የትምህርት ቤት ካርድ ነው። «እዚያ እንደገና ይጀምራል፣ ይሄ ምን ያደርግለታል?» ይባላል።

ልጁ የስድስት ዓመት ሕፃን ከሆነ አባባሉ ብዙ አይጎዳም። የ16 ወይም የ17 ዓመት ወጣት ከሆነ ግን ያ ካርድ ከሻንጣው ሁሉ ውድ ዕቃ ሊሆን ይችላል። ምክንያቱም የሚሄድበት አገር ተማሪን የሚቆጥረው በዕድሜ ነው፣ የመጣበት አገር ደግሞ በክፍል። ሁለቱ አቆጣጠሮች የሚጋጩት በአሥራዎቹ ዕድሜ በሚገኘው ልጅ ላይ ነው። ግጭቱ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ታሪኩን ከሥሩ ማየት ይጠቅማል።

የኔታ ዕድሜ አይጠይቁም

በሸዋ ለዘመናት የቆየው ትምህርት ቤት የቤተ ክርስቲያኑ ነው። በአንኮበርም ሆነ በደብረ ብርሃን ዙሪያ ባሉ ደብሮች ልጅ ፊደል ይቆጥራል፣ ንባብ ይዘልቃል፣ ዳዊት ይደግማል። የገፋበት ደግሞ ወደ ዜማ፣ ወደ ቅኔ፣ ወደ ትርጓሜ ይሻገራል። ቆሎ ተማሪው አኩፋዳውን አንጠልጥሎ ከወላጆቹ ቤት የሚወጣው ገና በልጅነቱ ነው። የኔታ «ዕድሜህ ስንት ነው?» ብለው አያባርሩትም። የሚጠይቁት «የት ደረስህ?» ብለው ነው። ዳዊት ያልደገመ የ20 ዓመት ጎልማሳ ዳዊት ከሚደግም የ10 ዓመት ልጅ ጎን ቢቀመጥ ነውር አልነበረም።

ይህ አስተሳሰብ ዘመናዊው ትምህርት ሲመጣም አልጠፋም። በአርበኛው ኃይለ ማርያም ማሞ ስም በተሰየመው የደብረ ብርሃን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይሁን በሌላ የአገራችን ትምህርት ቤት፣ የ20 ዓመት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ማየት ማንንም አያስደንቅም። ከብት ሲጠብቅ ዘግይቶ ገብቶ ይሆናል፣ ወይ ደግሞ ለመኸሩ አቋርጦ ተመልሶ። አገሩ የሚጠይቀው ስምንተኛን አለፈ ወይ፣ ሚኒስትሪውን ስንት አመጣ፣ አሥራ ሁለተኛን ጨረሰ ወይ የሚለውን ነው።

ከሸዋ የተወሰደውና ከመቅደላ የተወሰደው

በሸዋ ታሪክ ውስጥ በልጅነቱ ከቤቱ ርቆ ያደገ ሲባል የሚቀድመው ምኒልክ ነው። በ1836 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን አጠገብ አንጎለላ ተወለደ። አባቱ ንጉሥ ኃይለ መለኮት በ1848 ዓ.ም. ሲሞቱ ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ያዙ፣ የ11 ዓመቱን ልጅም ወሰዱት። በመቅደላ እንደ ግዞተኛም እንደ ልጅም ሆኖ አደገ፣ ትምህርቱንም የቤተ መንግሥቱን ሥርዓትም ቀሰመ። በ1857 ዓ.ም. አምልጦ ወደ ሸዋ ሲመለስ 21 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሳምንታት ቀርተውት ነበር። በአንኮበርም የሸዋ ንጉሥ ሆነ።

ከሦስት ዓመት በኋላ በ1860 ዓ.ም. ከዚያው ከመቅደላ ሌላ ልጅ ተወሰደ። የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ዓለማየሁ ሰባት ዓመት ገደማው ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ መንገድ ላይ አረፉ። ልጁ እንግሊዝ ገብቶ በመጀመሪያ በካፒቴን ስፒዲ፣ በኋላም በትምህርት ቤት ኃላፊዎች እጅ አደገ። በቼልተንሃም ተማረ፣ በራግቢ ተማረ፣ ወደ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤትም ተላከ። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሸጋገረው ሌሎች ስለ እሱ በወሰኑት ነበር። ኅዳር 1872 ዓ.ም. በሊድስ ከተማ በ18 ዓመቱ ሞተ፣ በዊንዘር ተቀበረ።

ሁለቱም ልጆች ተምረዋል። ሆኖም አንዳቸውም ቢሆኑ «የመማር መብት» የሚባል ነገር አልነበራቸውም። የምኒልክ ዕጣ በቴዎድሮስ ፈቃድ፣ የዓለማየሁ ዕጣ በንግሥት ቪክቶሪያና በሹማምንቷ ፈቃድ ላይ የቆመ ነበር። እንግሊዝ የራሷን ድሃ ልጆች ትምህርት ቤት እንዲገቡ በመላ አገሪቱ በሕግ ያስገደደችውም ዓለማየሁ ከሞተ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1880 ነው። ያኔ ግዴታው እስከ 10 ዓመት ብቻ ነበር።

ሕጉ ያደገው ከፋብሪካ ጋር ነው

ዕድሜን በሕግ መወሰን የተስፋፋው በከፊል ሕፃናትን ከፋብሪካና ከማዕድን ጉድጓድ ለማውጣት በተደረገ ትግል ውስጥ ነው። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ እ.ኤ.አ. በ1852 የመጀመሪያውን የግዴታ ትምህርት ሕግ አወጣች። የመጨረሻዋ ሚሲሲፒ በ1918 ተከተለች። በ1938 የወጣው የፌዴራል የሥራ ሕግ ደግሞ ለመደበኛ ሥራ 16 ዓመትን መነሻ አደረገ። እንግሊዝም ዕድሜውን ቀስ በቀስ እያሳደገች በ1918 ወደ 14፣ በ1947 ወደ 15፣ በ1972 ወደ 16 አደረሰችው። ዛሬ በእንግሊዝ ወጣቱ እስከ 18 ዓመቱ በትምህርት ወይም በሥልጠና ላይ መቆየት አለበት።

በእኛም አገር ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1906 ከስድስት ዓመት በላይ ያሉ ወንዶችና ሴቶች ልጆች ወደ ትምህርት ቤት እንዲላኩ ማዘዛቸው ይጠቀሳል። በ1908 በአዲስ አበባ ስማቸውን የያዘው ትምህርት ቤት ተከፈተ፣ የቤተ ክህነቱን ተቃውሞ ለማብረድም መምህራኑ ከግብጽ ኮፕቶች እንዲመጡ ተደረገ። ግን አንድ ትምህርት ቤት ለአንድ አገር አይበቃም። ትእዛዙ ወደ አንኮበር ገጠር ቢደርስ እንኳ ልጁ የሚገባበት ክፍል አልነበረም። ስለዚህ በኢትዮጵያ ቤተሰብ አእምሮ ውስጥ ዕድሜና ትምህርት ሳይተሳሰሩ ቀሩ።

ሁለት ቁጥሮች፣ አንድ ስሕተት

እ.ኤ.አ. ከ1980 የስደተኞች ሕግ፣ ከዚያም ከ1990ዎቹ አጋማሽ ዲቪ ወዲህ ብዙ ኢትዮጵያውያን አሜሪካ ገብተዋል። የዲቪ ሕግ ባለዕድሉ ያላገቡና ከ21 ዓመት በታች የሆኑ ልጆቹን ይዞ እንዲሄድ ይፈቅዳል። ስለዚህ ከአውሮፕላን ከሚወርዱት መካከል የ16፣ የ17፣ የ19 ዓመት ወጣቶች አሉ። ቤተሰቡ በመጀመሪያው ሳምንት ከዘመድ የሚሰማው አንድ ቁጥር ነው፦ «እዚህ ትምህርት እስከ 18 ነው።»

ቁጥሩ ትክክል ነው፣ የተተረጎመበት መንገድ ግን ስሕተት ነው። በብዙ ግዛቶች 16፣ 17 ወይም 18 የሚባለው *ግዴታው* የሚያበቃበት ዕድሜ ነው። ልጁ ከዚያ በታች ሆኖ ቢቀር ወላጅ ይጠየቃል። *መብቱ* የሚያበቃበት ዕድሜ ግን ሌላ ነው፣ ብዙውን ጊዜም ይዘገያል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት ሜሪላንድ ግዴታው እስከ 18፣ በነፃ የመማር መብቱ ግን 21 ዓመት እስኪሞላ ነው። በጎረቤቷ ቨርጂኒያም ግዴታው እስከ 18 ነው። መብቱ በመደበኛው እስከ 20 ሲሆን፣ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነና ከ12 ዓመቱ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በቨርጂኒያ ትምህርት ቤት የገባ ወጣትን የአካባቢው የትምህርት ቦርድ እስከ 22 ዓመት ሊቀበለው ይችላል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ በ1982 ባሳለፈው ውሳኔ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸው ልጆች እንኳ ከመንግሥት ትምህርት ቤት እንዳይከለከሉ ወስኗል።

ይህን ልዩነት ያልሰማ ቤተሰብ የ18 ዓመት ልጁን «ጊዜው አልፎበታል» ብሎ ወደ መጋዘን ወይም ወደ ፓርኪንግ ሥራ ይሰደዋል። ከሕጉ ይልቅ ልጁን ከትምህርት ያስቀረው የተሳሳተ ወሬ ነው።

ካርዱ የሚገዛው ዓመት

ለምሳሌ ያህል ከደብረ ብርሃን የሚነሳ የ17 ዓመት ወጣት ይታሰብ። 9ኛ ክፍልን ጨርሷል። በዕድሜው ከሆነ ከዚያ ማለፍ ነበረበት። ግን በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በኮሮና ተዘጉ፣ በኅዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትንና ደብረ ሲናን አልፎ መጣ፣ ከ2015 ማብቂያ ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል ያለው ግጭት የብዙ ትምህርት ቤቶችን በር ዘግቷል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ያለፈ ልጅ ሁለት ዓመት ወደ ኋላ ቢቀር ሰነፍ አያሰኘውም።

ይህ ወጣት ሜሪላንድ ሲደርስ ካርድና ትራንስክሪፕት ከሌለው ከ9ኛ ክፍል ሊጀምር ይችላል። ከ9ኛ እስከ 12ኛ አራት ዓመት ነው፣ 17 ላይ አራት ሲጨመር 21 ነው። ዲፕሎማው ሳይያዝ በሩ ሊዘጋበት ይችላል። የ9ኛ ክፍል ውጤቱ ተተርጉሞና ተገምግሞ እንደ ክሬዲት ከተያዘለት ግን ከ10ኛ ይጀምራል፣ በ20 ዓመቱ ይጨርሳል። በአንዲት ካርድ ምክንያት የሚገኘው አንድ ዓመት የዲፕሎማ ጉዳይ ነው። ስለዚህ የየክፍሉን ካርድ፣ የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ውጤትን፣ ማኅተም ያለበት ትራንስክሪፕትንና መሸኛን ሳይዙ መነሳት ለልጁ የተሰጠውን ጊዜ እዚህ ጥሎ መሄድ ነው። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ሰነዱ ለማግኘት ይቸግራል፣ ከባሕር ማዶ ሆኖ ማስፈለግ ደግሞ ይብሳል።

የልደት ቀን ጣጣ

ሌላው ወጥመድ የዘመን አቆጣጠር ነው። በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ተደንግጎ በሥራ ላይ የዋለው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ የገጠር ልጅ ልደቱ የሚታወሰው በክርስትናው ነው፦ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን። «የማርያም ለት፣ ያ ድርቅ የመጣ ዓመት» ይባላል። ቀኑ ለጠፋበት ስደተኛ ብዙ ጊዜ ጃንዋሪ 1 ይጻፍለታል።

ዓመቱ ሲጻፍ ደግሞ የከፋ ስሕተት ሊመጣ ይችላል። ጥር 2001 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 2009 ነው። ቅጹ ላይ ሳይቀየር «2001» ተብሎ ቢገባ በአንድ ብዕር ስምንት ዓመት ያረጃል። የ17 ዓመቱ ተማሪ በወረቀት 25 ሆነ ማለት ነው፣ ለእሱ የግዴታውም የመብቱም በር የተዘጋ ይመስላል። ሆን ብሎ ዕድሜ መቀነስም አይበጅም፦ ውሸቱ የቤተሰቡን የመኖሪያ ጉዳይ ሊያበላሽ ይችላል፣ ጎልማሳውንም ከሕፃናት ጋር ያስቀምጠዋል። መፍትሔው የክርስትና ካርዱ፣ የልደት ምስክር ወረቀቱ፣ ፓስፖርቱና የትምህርት ሰነዱ አንድ ቀን እንዲናገሩ ከመነሻው ማስተካከል ነው።

የኔታና ሕጉ

የኔታ «የት ደረስህ?» ይላሉ፣ የባሕር ማዶው ጸሐፊ «መቼ ተወለድህ?» ይላል። አንደኛው ጥያቄ ዘግይቶ ለመጣ ልጅ ይራራል፣ ግን ልጁ ቢቀር የሚጠየቅ የለም። ሁለተኛው የሰዓት ቆጣሪ ነው፣ ግን ቆጣሪው እስኪያልቅ ድረስ ልጁ ወንበር አለው፣ ወንበሩንም በማንም በጎ ፈቃድ አላገኘውም። ዓለማየሁ ያጣው ይህን ነበር። ከሰሜን ሸዋ የሚነሳው ወጣት ግን ሊያገኘው ይችላል፦ የደረሰበትን የሚመሰክር ካርድ በእጁ፣ የተወለደበትን የሚመሰክር ቀን በወረቀቱ፣ «እስከ 18 ነው» ለሚለው ዘመድም «እሱ ግዴታው ነው፣ መብቱስ?» የሚል ጥያቄ በወላጁ አፍ ካለ።