ከመሮ እስከ ዲስክ፦ ቆርቆሮ በምን ይቆረጣል?



እዚህ እስራኤል ቤት ውስጥ ቆርቆሮ መቁረጥ ሲያስፈልግ የእኛ ሰው ፈጥኖ የሚያነሳው ዲስክ ነው (አገር ቤት ያላችሁ ግራይንደር የምትሉት)። ከአባቶቻችን የወረስነው ግን ይህን አይደለም።

በጎንደር አካባቢ ቤተ እስራኤል ርስት ስላልነበራቸው ከሚተዳደሩባቸው ሙያዎች አንዱ ብረት ቅጥቀጣ ነበር። ማረሻ፣ ማጭድ፣ መጥረቢያ ይሠራሉ። ገበሬው ያለ እነሱ አያርስም፤ ሆኖም ቀን ማረሻውን ያሠራ ሰው ማታ «ቡዳ» ይላቸዋል። ይህ ስድብ ስንቱን ልጅ ከአባቱ ሙያ እንዳሸሸ የደረሰበት ያውቀዋል።

አያቶቻችን ብረቱን በወናፍ አግለው፣ በጉጠት ይዘው፣ መስፍ ላይ በመሮና በመዶሻ ይቆርጡት ነበር። ወፍራም ብረት ሲግል ይለሰልሳላ! ስስ የሆነው ግን ሳይግልም ይቆረጣል፤ መርካቶ ምናለሽ ተራ በርሜል በመሮ የሚቀዱትን ያየ ይህን አይስተውም።

የጣራ ቆርቆሮ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ሞገዳሙን ቆርቆሮ እ.ኤ.አ. በ1829 እንግሊዛዊው ሄንሪ ፓልመር፣ ከዝገት የሚጠብቀውን የዚንክ ልባስ ደግሞ በ1837 ፈረንሳዊው ሶሬል አስመዘገቡ። ዲስኩ ከመቶ ዓመት በላይ ዘግይቶ የመጣ ነው። በፍጥነት ይቆርጣል፤ ግን ግለቱ ያንን ልባስ ከጠርዙ ላይ ያቃጥለዋል፣ ዝገቱም ከዚያው ይጀምራል። ፍንጣሪው ያረፈበት ቦታም ነጠብጣብ ሆኖ ይዝጋል። የተቃጠለውን የዚንክ ጭስ በዝግ ክፍል የተነፈሰ ሰው ማታ እንደ ወባ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል።

ስለዚህ እኔ እስከ 1 ሚሊ ሜትር ለሆነ ቆርቆሮ የእጅ መቀስ ነው የምመርጠው። ለአውሮፕላን ሥራ ተብሎ የወጣው ባለ ድርብ ማጠፊያ መቀስ ጉልበት ይቆጥባል። ብዙ ጊዜ እጀታው ቢጫ ከሆነ ቀጥታ፣ ቀይ ከሆነ ወደ ግራ፣ አረንጓዴ ከሆነ ወደ ቀኝ እየዞረ ይቆርጣል። በብረት መጋዝ ከሆነ ጥርሱ ደቃቅ ይሁን፤ ቢያንስ ሁለት ሦስት ጥርስ በአንድ ጊዜ ብረቱ ላይ ካላረፈ ይነክስና ይሰበራል። ዲስኩ ለወፍራሙ ብረት ይቆይ፣ ያውም ከነመከለያው፣ በመነጽር። በምንም ቁረጡት፣ ጠርዙን በሞረድ ሳታለዝቡ እጃችሁን አታሳርፉበት።

እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1991 ከመጡት ሽማግሌዎቻችን መካከል ይህን ሁሉ በእጃቸው የሚያውቁ ነበሩ፤ እዚህ ግን ሙያቸውን የጠየቃቸው ጥቂት ነው። ከእነዚያ መሣሪያዎች አንዱን ይዞ የመጣ ዘመድ ያላችሁ ስሙንና አሠራሩን ጠይቃችሁ ጻፉልኝ።