የልብ ግድግዳና የካይሮው ሐኪም፦ በኢብን አል-ነፊስ ላይ የተሰጠ ፍርድ ሲመረመር

ስለ ደም ዝውውር በሚያስተምሩ መጻሕፍት ተማሪው መጀመሪያ የሚያገኘው ስም የእንግሊዛዊው ዊሊያም ሃርቬይ ነው፤ ዓመቱም 1628 (በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጠለቅ ያሉት መጻሕፍት አንድ ዓረፍተ ነገር ያክላሉ፦ የካይሮው ሐኪም ኢብን አል-ነፊስ ደም ከቀኝ የልብ ክፍል ወደ ግራው የሚደርሰው በሳንባ በኩል ዞሮ መሆኑን በ1242 ጽፎ ነበር። ይህ ዓረፍተ ነገር ግን ብቻውን አይመጣም። ሰውየው ሬሳ ከፍቶ አላየም፤ በአመክንዮ ብቻ የደረሰበት፣ ዕድል የቀናው ግምት ነው የሚል ማስተባበያ ይከተለዋል። ማስተባበያው ከአንዱ መጽሐፍ ወደ ሌላው ሲገለበጥ ኖሯል፤ መሠረቱ ግን የሚታመነውን ያህል ጽኑ አይደለም።

ጽሑፉ ዳግም የታወቀው ግብፃዊው ሙህዪ አል-ዲን አል-ጣጣዊ በ1924 ለጀርመኑ ፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የመመረቂያ ጥናት ነው፤ ሰነዱን ያገኘው በርሊን ከሚገኝ ቤተ መጻሕፍት ነበር። ጥናቱ ሳይታተም ቀረ። ካይሮ ይኖር የነበረው የዓይን ሐኪምና የሕክምና ታሪክ ተመራማሪ ማክስ ማየርሆፍ በ1930ዎቹ ባያስተዋውቀው ኖሮ ነገሩ ተመልሶ በተረሳ ነበር። ውለታው ትልቅ ነው። ሆኖም ማየርሆፍ ከሰነዱ ጋር የራሱን ሚዛንም አብሮ አስረከበን፦ ግኝቱ የምላጭ ሳይሆን የሐሳብ ውጤት ነው የሚለውን። ከእርሱ በኋላ የመጡት ደግሞ ይህን አስተያየት ወደ ፍርድ ቀየሩት።

የጥንቱ ሐኪም የጋሌን ትምህርት የታወቀ ስለሆነ ባጭሩ ልለፈው። ደም ጉበት ውስጥ ይሠራል፤ ከፊሉ ወደ ቀኙ ታችኛ የልብ ክፍል ይገባል፤ ከዚያም ሁለቱን ታችኛ ክፍሎች በሚለየው ግድግዳ ላይ ባሉ ለዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች ወደ ግራው ይሰርጋል። በ1037 ያረፈው ሐኪም ኢብን ሲናም በ«ቃኑን» የሕክምና መጽሐፉ በዋና ዋናው ነገር ይህንኑ ተከተለ።

ኢብን አል-ነፊስ የ«ቃኑን»ን የአካል ክፍሎች ትምህርት ሲያብራራ ያደረገው ግን ሌላ ነው። ግድግዳው ድፍን ነው ይላል፤ አንዳንዶች እንዳሰቡት የሚታይ መተላለፊያ የለውም፣ ጋሌን እንዳሰበውም የማይታይ የለውም። ስለዚህ ደሙ በሳንባው ደም ቅዳ ወጥቶ በሳንባ ውስጥ ይሠራጫል፣ ከአየር ጋር ይቀላቀላል፣ ከዚያም በሳንባው ደም መልስ በኩል ወደ ግራ ይመለሳል። እዚህ ላይ አላቆመም። ወደ ሳንባ የሚሄደው ቧንቧ ድርብና ጠንካራ ግድግዳ ያለው፣ የሚመለሰው ደግሞ ስስ የሆነው ለምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። መልሱ፦ የመጀመሪያው የጠራውን ብቻ እንዲያሳልፍ፣ ሁለተኛው ያለፈውን በቀላሉ እንዲቀበል። ስለዚህም በሁለቱ መካከል መተላለፊያ መኖር አለበት አለ። ኢብን ሲና ልብ ሦስት ታችኛ ክፍሎች አሉት ሲል እርሱ ሁለት ብቻ ናቸው አለ። ልብ የሚመገበው በቀኝ ክፍሉ ካለው ደም ነው ሲባልም፣ የለም፣ በልብ ሥጋ ውስጥ በሚያልፉ የደም ሥሮች ነው ብሎ መለሰ።

እነዚህ አራት ነጥቦች ናቸው፤ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ፣ ሁሉም ትክክል። ዕድል የቀናው ግምት አራት ጊዜ በተከታታይ ሲቀና አላየሁም።

ጋሌን ለምን እንደተሳሳተ ለማየት የበግ ልብ ይበቃል። ቀኙን ታችኛ ክፍል ከፊት ለፊት ሰንጥቆ የረጋውን ደም በውኃ ያጠበ ተማሪ ግድግዳው ለስላሳ እንዳልሆነ ያያል፤ የሥጋ ጅማቶች ተጋድመውበታል፣ በመካከላቸው ጉድጓዶች አሉ። ቀጭን ስንጥር ቢሰድበት ወደ ውስጥ ይገባል፣ ሊያልፍ ነው ሲሉት ሥጋ ላይ ይቆማል። ልቡን በአግድም ቢቆርጠው ደግሞ የግራው ክፍል ክብና ወፍራም ሆኖ፣ ቀኙ እንደ ግማሽ ጨረቃ በጎኑ ተለጥፎ ያገኘዋል። ግድግዳው የወፍራሙ የግራ ክፍል አካል ነው፤ ለማስረግ የተበጀ ወንፊት አይመስልም።

አሁን ወደ ዋናው ተቃውሞ ልምጣ። ኢብን አል-ነፊስ ራሱ በመግቢያው ሸሪዓውና በተፈጥሮው ያለው ርኅራኄ አካልን ከመቅደድ እንደከለከሉት ጽፏል፤ ታዲያ ምን ይባላል? የሚባለው ቀላል ነው። ጸሐፊው ሐኪም ብቻ ሳይሆን በካይሮ የሻፊዒ ሕግን ያስተማረ ፈቂህ (የእስልምና ሕግ ሊቅ) ነው፤ የፈቂህ መግቢያ እንደ ፈቂህ መግቢያ ይነበባል። በዚያው መግቢያ የውስጥ አካላትን ቅርጽ በተመለከተ በጋሌን እንደሚመካ ተናግሮ፣ ልብ ላይ ሲደርስ ግን ጋሌንን ፊት ለፊት ይቃወማል፤ ሌሎችንም የአካል ምርመራ ሐሰታቸውን ያወጣል ይላቸዋል። በእኔ ንባብ ክልከላው የሰውን ሬሳ የሚመለከት ነው፤ የበግና የበሬ ልብ በካይሮ ሥጋ ቤት ሁሉ ተንጠልጥሎ ይውል ነበር። ይህ የእኔ ግምት መሆኑን አልሸሽግም፤ የተቃራኒው ወገንም ግምት ነው።

ሆኖም ክርክሩ በዚህ ላይ መቆሙ ራሱ ስሕተት ይመስለኛል። ጋሌን ቀዳዳዎቹ አይታዩም ብሏል። የማይታይን ነገር የለም ለማለት ምላጭ ምን ይረዳል? ቬሳሊየስን እንይ፦ የሰው ሬሳ በእጁ የቀደደ፣ በ1543 ዝነኛ መጽሐፉን ያሳተመ ሰው ነው። ግድግዳውን አየ፣ ጉድጓዶቹን መረመረ፣ አንዱም እንደማያልፍ አስተዋለ፤ ከዚያ ደም በማይታይ መንገድ መሻገሩን የፈጣሪ ጥበብ ነው ብሎ አድንቆ አለፈ። ጥርጣሬውን ይበልጥ በግልጽ ያወጣው በ1555ቱ እትም ነው። ምላጭ ነበረው፤ የጎደለው ኢብን አል-ነፊስ የጠየቀው ጥያቄ ነው፦ ይህ አካል እንዲህ ሆኖ የተሠራው ለምን ሥራ ነው? ከቅርጽ ወደ ሥራ መሄድ የፊዚዮሎጂ ሀሁ አይደለምን?

ቸል የተባለ አንድ ሰነድ ነገሩን ያጠናክራል። ሃርቬይ ከመጽሐፉ 23 ዓመት በኋላ፣ በ1651፣ ለሐምቡርጉ ሐኪም ለሽሌጌል ደብዳቤ ጻፈ። ፓሪሳዊው ሪዮላን ደም አሁንም በግድግዳው ውስጥ ያልፋል ብሎ ይሟገት ነበር። ሃርቬይ ተሰቅሎ የሞተ ሰው ሬሳ ላይ የሳንባውን የደም ሥሮች አስሮ፣ በበሬ ፊኛና በቱቦ አማካይነት ሞቅ ያለ ውኃ ወደ ቀኙ ክፍል በኃይል አስገባ። ቀኙ ተነፋ፤ ግራው ሲቀደድ ጠብታ አልወጣም። የዓለም ታላቁ የልብ ሊቅ የካይሮውን ሐኪም አንድ ዓረፍተ ነገር ለማስረገጥ ከአራት መቶ ዓመት በኋላ ይህን ያህል መድከም ካስፈለገው፣ ዓረፍተ ነገሩን ተራ ግምት ማለት ያስቸግራል።

የዛሬው ሕክምና ደግሞ ከዚህም የከፋ ማስረጃ በጋሌን ላይ ያቀርባል። በታችኛው የልብ ግድግዳ ላይ ቀዳዳ ይዘው የሚወለዱ ሕፃናት አሉ። በእነርሱ ደም የሚሻገረው አብዛኛውን ጊዜ ከግራ ወደ ቀኝ ነው፤ ልብ ሲኮማተር በጤነኛ አዋቂ በግራው ክፍል ያለው ግፊት 120 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ሲደርስ በቀኙ 25 ገደማ ብቻ ነውና። የጋሌን መንገድ ቢኖር እንኳ ደሙ ሽቅብ መውጣት ነበረበት። ፅንስስ? የሚል ቢኖር፣ የፅንሱ ቀዳዳ በላይኞቹ ክፍሎች መካከል ነው፤ ሳንባ ሥራ ሳይጀምርም ነው።

ኢብን አል-ነፊስ በግራው ክፍል «መንፈስ» ይሠራል ብሎ ያምን ስለነበር ሐሳቡ ሳይንስ አይደለም የሚለውን ተቃውሞ ማስተናገድ አያስፈልግም። ሃርቬይም ልብን ከፀሐይ ጋር አመሳስሏል፤ ማንም አልቀነሰበትም።

ትምህርቱ ስለዚሁ የሳንባ መንገድ በ1553 ለጻፈው ለሰርቬተስና መጽሐፉ በ1559 ለታተመው ለኮሎምቦ ደርሷል ወይስ አልደረሰም የሚለውን ለሌሎች እተወዋለሁ። ለእኛ አንባቢ ግን አንድ ነገር መጠቆም ተገቢ ነው። የፍትሐ ነገሥታችን የዐረብኛ ምንጭ የሆነውን የሕግ ስብስብ ግብፃዊው ኢብን አል-አሳል ያጠናቀረው በ1238 ነው፤ ከኢብን አል-ነፊስ መጽሐፍ አራት ዓመት ቀድሞ። አንዱ ወደ ግእዝ ተሻግሮ የአገር ሕግ ሆነ፤ ሌላው ከበርሊን እስኪወጣ ሰባት ምዕተ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀረው።

የድንበሩን ነገር ግን ልጠንቀቅ። ኢብን አል-ነፊስ የጻፈው ስለ ሳንባው መንገድ ነው። ወደ ሰውነት የሚሄደው ደም በአካላት ይበላል እንጂ ይመለሳል አላለም፤ መመለሱን በስሌትና በክንድ ላይ በታሰረ ማሰሪያ ያሳየው ሃርቬይ ነው። በሳንባ ያሉትን መተላለፊያዎችም በስሜት የሚታወቁ አድርጎ ገልጿቸዋል፤ እነርሱ ግን ቀይ የደም ሕዋስ ተጠጋግቶ የሚያልፍባቸው፣ ያለ ማይክሮስኮፕ የማይታዩ ናቸው። ማልፒጊ በእንቁራሪት ሳንባ ላይ አይቶ በ1661 እስኪያሳውቃቸው ድረስ ሃርቬይም ቢሆን በዓይኑ አላያቸውም፤ መኖር አለባቸው ብሎ በአመክንዮ ደመደመ እንጂ። ለእርሱ ግን ይህ ግምት ተብሎ አልተጻፈበትም።