የጨው መስጂድ የነበረባት መንደር

በ753 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 1352) ታላቁ ተጓዥ ኢብን በጡጣ ከሞሮኮዋ ሲጂልማሳ ከነጋዴዎች ጋር ተነስቶ ሰሃራ በረሃ ገባ። ከ25 ቀን ጉዞ በኋላ በዛሬዋ ሰሜን ማሊ የምትገኘው ተጋዛ ደረሰ። ያየውንም መዘገበ፦ ዛፍ የለም፣ ውሃው ጨው ጨው ይላል፣ ቤቶቹና መስጂዱ የተሠሩት ከጨው ድንጋይ ነው፣ ጣሪያቸው የግመል ቆዳ ነው። ጨዉን የሚቆፍሩት ባሪያዎች ነበሩ፤ የሚበሉት እህልና ተምር እንኳ ከሩቅ አገር ይመጣላቸው ነበር።

በተጋዛ ግድግዳ የሚሠራበት ጨው ወደ ደቡብ ሲወርድ ሀብት ይሆናል። አንድ የግመል ጭነት በወላታ ከ8 እስከ 10 ሚስቃል ወርቅ ሲያወጣ፣ በማሊ ዋና ከተማ 20፣ 30፣ አንዳንዴም 40 ሚስቃል ይሸጥ ነበር። ሰዎቹ ጨዉን እየቆራረጡ እንደ ገንዘብ ይገበያዩበታል። በእኛም አገር ከዓፋር በረሃ በግመል የሚወጣው አሞሌ ለብዙ ዘመን ገንዘብ ነበር፤ ከምንጩ በራቀ ቁጥርም ዋጋው ይጨምር ነበር።

ጨው ይህን ያህል የተወደደው ያለ ምክንያት አይደለም። ነርቭና ጡንቻ ያለ ሶዲየም አይሠሩም። ግን ሰውነት የሚፈልገው ትንሽ ነው፤ ኩላሊትም ያገኘውን ቆጥቦ ይይዛል። ለእጦት ዘመን ይህ ትልቅ ጸጋ ነው።

ዛሬ ግን ጨው ከሁሉ የረከሰ ሸቀጥ ሆኗል። ኩላሊት አጣርቶ ማስወጣት ከሚችለው በላይ ስንበላ፣ ጨዉ ውሃ ይዞ ሰውነት ውስጥ ይቀራል፤ በደም ሥር የሚሄደው ደም መጠኑ ይጨምራል፣ ግፊቱም ከፍ ይላል። የደም ግፊት ብዙ ጊዜ አያምም። ዓመታት ቆይቶ ግን በስትሮክ፣ በልብ ወይም በኩላሊት ሕመም ይገለጣል።

ልማድ ግን ይለወጣል። ፊንላንዶች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በቀን 12 ግራም ገደማ ጨው ይበሉ ነበር። መንግሥት፣ ሐኪሞችና የምግብ ፋብሪካዎች ተባብረው ዳቦውንና ሥጋ ምርቱን ጨው ቀነሱለት፤ ጨው የበዛበት ምግብም በማሸጊያው ላይ እንዲጻፍበት ተደረገ። በ2002 መጠኑ ከ9 ግራም በታች ወረደ። የሕዝቡ የደም ግፊትም ቀነሰ፤ በስትሮክና በልብ ሕመም የሚሞተው ሰው ቁጥር በእጅጉ አሽቆለቆለ። ለዚህ የቅባትና የሲጋራ መቀነስም ድርሻ አለው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው። የዓለም አማካይ ፍጆታ ግን የዚህ እጥፍ ያህል ነው።

እናም ወንድሞችና እህቶች፣ ጨዉን ከማዕድ እናጥፋ አንልም። አዮዲን ያለውን እንምረጥ፤ ሳንቀምስ አንነስንስ። በቺፕስ፣ በታሸገ ኑድልና በሾርባ ማጣፈጫ ተደብቆ የሚገባውንም እንቁጠረው። ምላስ ቀስ በቀስ ይለምደዋል። የእናትና የአባታችንን ግፊት ማስለካትም አንርሳ። አያቶቻችን ጨው ፍለጋ በረሃ አቋርጠዋል፤ የእኛ ፈተና ልኩን ማወቅ ነው።