የቴአትር ዲግሪ ዋጋው ስንት ነው?

በአኙዋ ሕዝብ ዘንድ ዲሙይ የሚባለው የብርጭቆ ዶቃ ለረጅም ዘመን የጥሎሽ መክፈያ ሆኖ ኖሯል። ዶቃው ወደ ጎሬ ወይም ወደ አዲስ አበባ ቢወሰድ ከተራ ጌጥ ያለፈ ዋጋ አያወጣም፤ በባሮ ዳር ግን ጎጆ ያስወጣል፣ ሁለት ቤተሰብ ያዛምዳል። በጎረቤቱ በኑዌር ዘንድ ደግሞ የጥሎሹ መለኪያ ከብት ነው። የአንድ ነገር ዋጋ ከዕቃው ይልቅ በተቀባዩ ዘንድ እንደሚገኝ የጋምቤላ ሰው ከማናችንም ቀድሞ ያውቃል።

የቴአትር ዲግሪ በገንዘብ ሲመዘን ምን እንደሚያወጣ እንድጽፍ ለዚህ መጽሔት በታዘዝሁ ጊዜ ዲሙይን ማስታወሴ ያለ ምክንያት አይደለም። ልጁ ቴአትር ላጥና ሲለው «ይህ ወረቀት ምን ያበላሃል?» ብሎ የሚጠይቅ አባት የሙያው ጠላት ተደርጎ መታየት የለበትም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ታሪክም አለው።

የኢትዮጵያን ቴአትር የመሠረቱት ሰዎች በቴአትር አልኖሩም። የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔት ደራሲ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በውጭ አገር የተማሩት የጦር ትምህርትና ግብርና ሲሆን፣ የኖሩትም በመንግሥት ሹመት ነበር። ዮፍታሔ ንጉሤም በመምህርነት ሲያገለግሉ ነው ተውኔቶቻቸውን የጻፉት። በ1927 ዓ.ም. የሀገር ፍቅር ማኅበር ሲቋቋም፣ በ1948 ዓ.ም. ደግሞ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ሲከፈት፣ ተዋናይነት ቀስ በቀስ ደመወዝ ያለው ሥራ ሆነ። ያም ቢሆን ጸጋዬ ገብረ መድኅን በሺካጎ የተማረው ሕግ ነበር፤ ወደ ለንደንና ወደ ፓሪስ ቴአትር ቤቶች ሄዶ ሙያውን የቀሰመው ከዚያ በኋላ ነው። ቴአትርን በዩኒቨርሲቲ ለማጥናት የፈለገ ሰው፣ እንደ ተስፋዬ ገሠሠ፣ እስከ አሜሪካው ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ መሻገር ነበረበት።

በአገር ውስጥ የቴአትር ዲግሪ መሰጠት የጀመረው በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ክፍል ከተቋቋመ ወዲህ ነው። በዚያ ዘመን የአባትየው ጥያቄ ብዙም የሚያስጨንቅ አልነበረም። ትምህርቱ በነፃ ይሰጥ ነበር፤ ተመራቂውም በመንግሥት ይመደብ ነበር። ለብዙው የመጀመሪያ ዲግሪ ባለቤት መነሻ ደመወዙ 500 ብር ሲሆን፣ የታሪክ ይሁን የቋንቋ ተመራቂ በወሩ መጨረሻ የሚቆጥረው ገንዘብ ተመሳሳይ ነበር። ስለዚህ ገበያው የቴአትርን ዲግሪ ለብቻው መዝኖ አያውቅም፤ ዋጋውን የሚወስነው የሥራ መደቡ ነበር።

ከ1983 ዓ.ም. የሥርዓት ለውጥ በኋላ ተመራቂን ሁሉ በየሥራው መመደብ ቀረ። ሥራ የማጣት ሥጋት ከመንግሥት ትከሻ ወርዶ በተማሪው ትከሻ ላይ ተጫነ። በ1996 ዓ.ም. ደግሞ የወጪ መጋራት ሥርዓት ተጀመረ፤ ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ፣ ከትምህርቱም ወጪ ቢያንስ 15 በመቶውን፣ ከተመረቀ በኋላ ከገቢው እየቀነሰ እንዲከፍል ተደነገገ። በመምህርነት የሚሠማራ ግን ዕዳውን በአገልግሎት እንዲወጣ በር ተከፍቶለታል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከተማሪዎች 70 በመቶው በሳይንስና በቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው በማኅበራዊ ሳይንስና በመሰል ትምህርቶች እንዲመደብ ሲወሰንም፣ አገሪቱ የትኛውን ትምህርት እንደምታስቀድም በግልጽ ተነገረ። እንግዲህ የቴአትር ዲግሪን በብር መመዘን የግድ የሆነው በእነዚህ ሦስት እርምጃዎች ነው።

ይህን ሚዛን ወደ ጋምቤላ ስናመጣው ክብደቱ ይጨምራል። ታላላቆቹ ቴአትር ቤቶች፣ ሀገር ፍቅርም ብሔራዊም ማዘጋጃ ቤትም ራስም፣ ሁሉም አዲስ አበባ ናቸው፤ ከጋምቤላ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት ላይ። በመድረኮቻቸው የሚነገረው ቋንቋ በአብዛኛው አማርኛ ነው። አኙዋኛ ወይም ኑዌርኛ አፉን የፈታ ወጣት ተመርቆ እዚያ ለመቀጠር ቢሻ፣ ከሁሉ የበለጠው ሀብቱ፣ ማለትም ቋንቋውና የሕዝቡን ባህል ማወቁ፣ ዋጋ የማያወጣበት አገር ሄደ ማለት ነው። ዶቃውን ይዞ ጎሬ ገበያ እንደ ወጣ ሰው ይሆናል።

በጋምቤላ ግን የሚፈልገው ብዙ ነው። በክልሉ አኙዋ፣ ኑዌር፣ መዠንግር፣ ኦፖና ኮሞ ይኖራሉ፤ ከደቡብ ሱዳን የመጡ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኞችም ተጠልለዋል። ስለ ወባ፣ ስለ ክትባት፣ ስለ ሰላም የሚነገር መልእክት በሰነድ ብቻ ለዚህ ሕዝብ አይደርስም። በሚገባው ቋንቋ ታሪክ አድርጎ የሚያቀርብለት፣ ተጣልተው የቆዩ ጎረቤቶችን በአንድ መድረክ ፊት የሚያስቀምጥ ባለሙያ ያስፈልገዋል። የጎደለው ፍላጎት ሳይሆን ፍላጎቱን ወደ መደብ የሚለውጥ ውሳኔ ነው።

ለዚህም ከጋምቤላ የራሷ ታሪክ ማስረጃ አለን። በ1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት ውል በባሮ ዳር ከ400 ሄክታር ያልበለጠ ቦታ ለንግድ ጣቢያ እንዲከራይ ፈቀዱ። ቡናው ከዚያ በፊትም በኢሉባቦር ጫካ ነበረ። ጣቢያው ተቋቁሞ በክረምት የሚጓዙት የእንፋሎት ጀልባዎች መመላለስ ሲጀምሩ ግን ወደ ሱዳን የሚወጣበት በር አገኘ። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ የውሉ መሠረት ቀረ፤ የወንዙም ንግድ እየተዳከመ ሄደ። ቡናው ያው ቡና ነው፤ ንግዱን ያደራውም ያቀዘቀዘውም የበሩ መከፈትና መዘጋት ነበር።

ስለዚህ ለአባትየው የምንሰጠው መልስ እውነተኛ መሆን አለበት። የሚቀበለው መደብ ከሌለ የቴአትር ዲግሪ በገንዘብ ኪሳራ ነው፤ ዕዳ አለበት፣ ያለ ገቢ ያለፉ ዓመታትም አሉበት። «ጥበብ በገንዘብ አይመዘንም» እያልን ልጁን ብንሸኘው እኛ ምንም አንከስርም፤ የሚከስረው እሱ ነው። መደብ ካለ ግን፣ በባህል ቢሮ፣ በትምህርት ቤት፣ በራዲዮ ወይም በጤና ትምህርት ሥራ፣ ዲግሪው ከሌላው ዲግሪ የሚያንስበት ምክንያት የለም።

እኛም የማኅበሩ አባላት በየዓመቱ ስለ ሙያው ክብር ከምንናገረው ግማሹን ያህል እንኳ ስለ ሥራ መደብ ብንናገር፣ የጋምቤላው አባት ልጁን ከመላኩ በፊት የሚጨብጠው ነገር ያገኝ ነበር። ዲሙይን ውድ ያደረገው ልቀበል ያለ ቤተሰብ ነው፤ ይህንንም ዲግሪ የሚያስከብረው ልቅጠር የሚል መሥሪያ ቤት ነው።